ሬሳውን አንሰጥም

ስለ ተማሪዎች ንቅናቄ ወሬ ሲነሣ ክርክሩ የት እንደሚያበቃ አስቀድሞ ይታወቃል። አንዱ «ያ ትውልድ ነው አገር ያፈረሰው» ይላል። ሌላው «ያ ትውልድ ለሕዝብ ብሎ አለቀ» ይላል። ከዚያ ማርክስ ይመጣል፣ ከዚያ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው ተማሪ ዋለልኝ መኮንን ይመጣል፣ ከዚያ የብሔር ነገር፣ ከዚያ ስድብ። እኔም ስንት ጊዜ ገብቼበታለሁ። ግን ሁሌም የሚዘለል ነገር አለ። የሞቱትን ማን ቀበራቸው? ማን አለቀሰላቸው? ማንስ እንዳይለቀስ ከለከለ?

ነገሩ የሐዘን ወግ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የእኛ መንግሥታት ሰው ገድለው አይበቃቸውም። ቀጥሎ ጠባቸው ከሬሳው ጋር ነው። ወይ ይደብቁታል፣ ወይ አደባባይ ላይ ያሰጡታል፣ ወይ ገንዘብ ይቀበሉበታል። ይህን የሚያደርጉት ስለ ጨከኑ ብቻ አይደለም። ለቅሶ ምን እንደሆነ ስለሚያውቁ ነው። እኛ ዘንድ ፈቃድ የማይጠየቅበት ስብሰባ ለቅሶ ነው። ድንኳን ይተከላል፣ የሚያውቅህም የማያውቅህም ይመጣል፣ ሀብታምና ድሃ አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ስለ ሟቹ ያወራል፣ እንዴት እንደሞተም ያወራል። የትኛው ፓርቲ ነው እንዲህ ያለ መዋቅር ያለው?

እስቲ ከስድስት ኪሎ ልጀምር። ቦታው ራሱ ጉድ ነው። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ግቢ ድሮ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚያው ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም ተምረናል። ሦስት ቀን ሙሉ አዲስ አበባ ታረደች። ሐውልቱ አሁንም ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ቆሟል። በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ የታገቱት ሚኒስትሮችና መኳንንት የተረሸኑትም በዚሁ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ንጉሡ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዚያ ወዲያ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት፣ በ1954። ብዙ ደም ያየ ግቢ ነው እንግዲህ ለልጆች የተሰጠው።

ልጆቹም ዝም ብለው አልተማሩበትም። በየካቲት 1957 «መሬት ላራሹ» ብለው ፓርላማ ድረስ ሄዱ። በዓመቱ ሾላ አካባቢ ለማኞች በአንድ መጠለያ ታጉረው መከራቸውን ሲያዩ «ድህነት ወንጀል ነው ወይ?» ብለው ተነሡ። በ1959 ሰላማዊ ሰልፍን የሚገድብ አዋጅ ወጣ። ሰልፍ በፈቃድ ብቻ ሊሆን ነው። ያንንም ተቃወሙ፣ ፖሊስም ቀጠቀጣቸው። እንግዲህ ሰልፉ ፈቃድ ከፈለገ፣ ፈቃድ የማይፈልገው ምን ቀረ? ቀብር ነዋ።

ጥላሁን ግዛው ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ማታ ከዩኒቨርሲቲው ሳይርቅ በጥይት ተመታ። የተማሪዎች ኅብረት ፕሬዚዳንት ሆኖ ገና ብዙም አልቆየም ነበር። የሚገርመው የዘር ሐረጉ ነው። እህቱ ልዕልት ሣራ ግዛው የንጉሡ ልጅ የልዑል መኮንን ባለቤት ነበሩ። ማለት ልጁ የተራራቀ ሰው አይደለም፣ ለቤተ መንግሥቱ ቤተሰብ ነው። ተማሪው ገዳዩ የመንግሥት ሰው ስለመሆኑ ለአፍታ አልተጠራጠረም።

በማግስቱ ተማሪዎቹ ያደረጉት ነገር ነው እኔን ሁሌም የሚያስገርመኝ። ድንጋይ ለመወርወር አልሮጡም። ሬሳውን ከሆስፒታል አውጥተው ግቢ አስገቡት። ሐሳባቸው ግልጽ ነው፦ በከተማው መሃል አሳልፈው በክብር ሊቀብሩት። ያ ቀብር ቢወጣ አዲስ አበባ ምን እንደምትሆን አስቡት። ነጋዴው፣ ተማሪው፣ የሰፈሩ እናት፣ ቄሱ፣ ሁሉም ይወጣል። ማን ነው ቀብር አትሂድ የሚባለው?

መንግሥትም ይህንን በደንብ ገብቶታል። ሬሳውን አስረክቡ ተባለ። ተማሪዎቹ አንሰጥም አሉ። ክቡር ዘበኛ ግቢውን ሰብሮ ገባ፣ ተኩስ ተከፈተ፣ ተማሪዎች ሞቱ፣ ብዙዎች ቆሰሉ፣ ሬሳውም ተወሰደ። የሞቱትን ቁጥር ያኔ ተማሪው አንድ ነገር ይላል፣ መንግሥት ሌላ ይላል። አንድ የሞተ ልጅ ለመቅበር ሌሎች ልጆች ሞቱ። ያ ሁሉ ወታደር የመጣው አንድ የሬሳ ሣጥን ለመውሰድ ነው። ተማሪዎቹ መሣሪያ አልነበራቸውም፣ ሬዲዮ ጣቢያ አልያዙም። ያን ያህል ያስፈራው ቀብሩ ነው።

ብዙ ሰዎች የንቅናቄውን ታሪክ ሲተርኩ ዋናው ቀን የካቲት 1957 ነው ይላሉ፣ ወይም የዋለልኝ ጽሑፍ የወጣበት ኅዳር 1962። እኔ ታኅሣሥ 20 ነው እላለሁ። ከዚያ ቀን በፊት ከንጉሡ ጋር ገና መነጋገር ይቻላል የሚሉ ተማሪዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ያንን የሚል ሰው ማግኘት ከባድ ሆነ። ሬሳ የነጠቀህ ሰው ጋር ስለ ምን ትነጋገራለህ?

አሁን ደግሞ ታሪክ እንዴት እንደሚዞር ተመልከቱ። አራት ዓመት አልፎ ብዙም ሳይቆይ አብዮቱ ፈነዳ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ማታ ደርግ 60 ያህል ባለሥልጣናትና መኮንኖችን ያለ ፍርድ ረሸነ። ሬሳቸው ለቤተሰብ አልተሰጠም፣ በጅምላ ጉድጓድ ተቀበሩ። በነሐሴ 1967 ደግሞ ንጉሡ ራሳቸው ሞቱ ተባለ። ቀብር የለ፣ ለቅሶ የለ፣ ፍትሐት የለ። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ነው፣ በምኒልክ ቤተ መንግሥት ውስጥ ከወለል ሥር። የጥላሁንን ሬሳ ወታደር ልኮ ያስወሰደው መንግሥት ራስ፣ እሳቸውም ቀባሪ አጡ። ይህን የምለው ደስ ብሎኝ አይደለም። በአንድ ሰው ላይ የተፈቀደ ነገር በሁሉም ላይ እንደሚፈቀድ ለማሳየት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ስለማላውቅ ነው።

ቀይ ሽብር ላይ ስንደርስ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ንጉሡ ሬሳ ይደብቁ ነበር። ደርግ ግን ያሳይ ጀመር። ሚያዝያ 9 ቀን 1969 መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አብዮት አደባባይ፣ የዛሬው መስቀል አደባባይ፣ ላይ ቆሞ ደም የመሰለ ነገር የሞላበት ጠርሙስ ወርውሮ ከሰበረ በኋላ ከተማው ወደ ምን እንደሚሄድ ግልጽ ነበር። በዚያው ወር፣ ሚያዝያ 21 ማታ፣ በሜይ ዴይ ዋዜማ ለተቃውሞ የወጡ ወጣቶች ላይ ተተኮሰ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሞቱ። አብዛኛዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅት ዋና ጸሐፊ ያኔ የተናገሩት ነገር እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። አንድ ሺህ ያህል ልጆች እንደተገደሉና ሬሳቸው መንገድ ላይ ወድቆ ጅብ እየበላው እንደሆነ ነበር የተናገሩት።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ሰው ከቤቱ ሲወጣ ሬሳ ያገኛል። ደረቱ ላይ ወረቀት ተለጥፎበታል፣ «ቀይ ሽብር ይፋፋም» ይላል። ተማሪ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ የክፍል ጓደኛውን አስፋልት ላይ ያየዋል። ቆሞ ማየት ይቻላል፣ እንዲያውም እንዲታይ ነው የተሰጣው። ማልቀስ ግን አይቻልም። ልብ በሉ፣ ማየት ግዴታ ነው፣ ማልቀስ ወንጀል ነው። ያለቀሰ ሰው ዘመድ ነው፣ ዘመድ ከሆነ ደግሞ ተጠርጣሪ ነው። ቀበሌው ይጠራዋል፣ ቀበሌ ማለት ደግሞ ያኔ መታወቂያ የሚወጣበት ብቻ አይደለም፣ ወፌ ላላ የሚገረፉበት እስር ቤትም ነው። ሬሳ የሚፈልግ ቤተሰብ ልጁ የተገደለበትን ጥይት ዋጋ ክፈል ይባላል። ይህን የሰማ የዛሬ ልጅ ማጋነን ይመስለዋል። ማጋነን አይደለም፣ የከፈሉ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ።

ጎንደር ላይ እናቶች ያወረዱት ሙሾ አለ፣ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። አገረ ገዢው መላኩ ተፈራ ነበር።

«መላኩ ተፈራ የእግዜር ታናሽ ወንድም፣
የዛሬን ማርልኝ ሁለተኛ አልወልድም።»

እኔ በዚህ ግጥም ላይ ብዙ አስቤያለሁ። ላይ ላዩን ልመና ነው። ግን እንደ ልመና ብቻ ከወሰድነው ግማሹ ያመልጠናል። የእግዜር ታናሽ ወንድም መባል ውዳሴ ነው እንዴ? ልጅ አልወልድም ማለትስ? አንተ ባለህበት አገር ልጅ አይወለድም ማለት እኮ ነው። ሰውየው ተፈርዶበት፣ ደርግ ወድቆ፣ ስንት ነገር ተገለባብጦ፣ ዛሬ ስሙን የሚያውቀው ሰው አብዛኛው በዚህ ሙሾ ነው የሚያውቀው። ደርግን በኅቡዕ ይታገል የነበረውን የኢሕአፓን በራሪ ወረቀት በቃሉ የሚወጣ ሰው አላጋጠመኝም። ይህንን ግን ማንም ይለዋል።

አክስቴ ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ ሙሽራ ነበረች። ጎረቤታቸው የሚኖር የ11ኛ ክፍል ልጅ ተወስዶ አልተመለሰም። በሦስተኛው ቀን ከሌሎች ጋር ተገኘ። እናቱ እንድታየው እንጂ እንድታነሣው አልተፈቀደላትም፣ መኪና መጥቶ ሁሉንም ጭኖ ወሰዳቸው። ቀበሌውም ለቅሶ እንዳይሰማ አለ። እድሩ ድንኳን አልተከለም፣ ጥሩምባም አልተነፋም። የእድር ዳኛው ያን ሰሞን የሴትዮዋን ዓይን ላለማየት በሌላ መንገድ ነበር የሚሄደው አለችኝ።

ታዲያ ሴቶቹ ምን አደረጉ? በርበሬ ቅንጠሳ ብለው ተጠራሩ። የልጁ እናት ግቢ ውስጥ ሰሌን ተነጠፈ፣ በርበሬው ተዘረገፈ፣ ሴቱ ሁሉ ዙሪያውን ተቀመጠና መቀንጠስ ጀመረ። ማልቀስም ጀመረ። አብዮት ጠባቂው መሣሪያውን አንግቶ በር ላይ ብቅ አለ። «ምን ሆናችሁ ነው የምታለቅሱት?» «በርበሬው ነው ልጄ።» ምን ይበል? እሱም እኮ የሰፈሩ ልጅ ነው፣ ከሟቹ ጋር ኳስ የተጫወተ። ዝም ብሎ ቆመ፣ ከዚያ ሄደ። አክስቴ እንደምትለው በርበሬው አልቆ ደግመው ደግመው ቀነጠሱት። ነጠላቸውን ማንም አልዘቀዘቀም፣ ጥቁር የለበሰ አልነበረም፣ ከውጭ ለሚያይ ምንም የለም። ሦስት ቀን ግን ተቀመጡ፣ እንደ ሥርዓቱ።

ስለ ተቃውሞ ስናወራ እንደዚህ ያለው ለምን እንደማይቆጠር አይገባኝም። አክስቴን ኢሕአፓ ነበርሽ ወይ ብላችሁ ብትጠይቋት ትስቃለች። ሁለቱ የግራ ፓርቲዎች፣ መኢሶንና ኢሕአፓ፣ በምን እንደተጣሉ ዛሬም አታውቅም፣ ለማወቅም አልፈለገችም። ግን አዋጅ ጥሳለች፣ ያውም ጠመንጃ ፊት፣ ያውም ተደራጅታ። ስብሰባ ተጠርቷል፣ ምክንያት ተዘጋጅቷል፣ ሁሉም አንድ አፍ ሆኗል፣ ማንም አላጋለጠም። ከዚህ በላይ ኅቡዕ አደረጃጀት ምን አለ?

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ግን ፍትሐዊ አልሆንም። ያኔ የገደለው ደርግ ብቻ አልነበረም። ኢሕአፓም ከተማ ውስጥ ሰው ይገድል ነበር፣ የመኢሶን ሰዎችን፣ የቀበሌ ሊቀመናብርትን። ቀይ ሽብር ሲጀመር ከደርግ ጎን የነበረው መኢሶን ደግሞ ትንሽ ቆይቶ ራሱ ታደነ። የእነዚያም እናቶች አልቅሰዋል። «ልጄ በሕዝብ ጠላትነት ሞተ» እየተባለባት ያለቀሰች እናት በሁለቱም ወገን አለች። ይህንን መናገር ለደርግ ጥብቅና መቆም የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። አይደለም። መንግሥት ያለው መሣሪያ፣ እስር ቤትና ሬዲዮ ከማንም ጋር አይወዳደርም፣ ያለቀው ሕዝብም በአሥር ሺዎች ነው የሚቆጠረው። ግን ለቅሶ ቤት ገብተን ሟቹ የማን ወገን ነበር ብለን መጠየቅ ከጀመርን እኛም ቀበሌ ሆንን።

አሁን ወደ ሌላ አገር ልውሰዳችሁ፣ ብዙ አልርቅም። ሚያዝያ 21 ቀን 1969 አዲስ አበባ ላይ ልጆቹ በተረሸኑ በማግስቱ፣ ሚያዝያ 22፣ አርጀንቲና ዋና ከተማ ቦነስ አይረስ ውስጥ ጥቂት እናቶች ቤተ መንግሥቱ ፊት ያለው አደባባይ ላይ ተሰበሰቡ። እዚያም ወታደራዊ መንግሥት ነበር፣ እዚያም ተማሪዎችና ወጣቶች ይታፈኑ ነበር፣ የእነሱ ግን ሬሳም አልነበረም፣ ጠፉ ነው የሚባለው። ቆማችሁ መሰብሰብ አትችሉም ሲባሉ እናቶቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ አደባባዩን መዞር ጀመሩ። በኋላ ራሳቸው ላይ ነጭ ሻሽ አሰሩ። በየሳምንቱ ሐሙስ ሐሙስ፣ ለዓመታት። የኛዎቹ በርበሬ ሲቀነጥሱ እነዚያ አደባባይ ይዞራሉ። ስለ እርስ በርሳቸው ምንም አያውቁም።

ታሪኩ ግን እዚያ አያበቃም። የአርጀንቲና ወታደሮች ሲወድቁ እናቶቹና አያቶቹ የልጆቻቸውን አጥንት መፈለግ ጀመሩ። በ1976 በእኛ አቆጣጠር አካባቢ ወጣት የአጥንት መርማሪዎች ቡድን ተቋቋመ፣ ሥራቸው ከጅምላ መቃብር አጥንት አውጥቶ ማንነቱን መለየት ነው። አብዛኛዎቹ ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ደርግ ወድቆ ልዩ ዐቃቤ ሕግ ሲቋቋምና የቀይ ሽብር መቃብሮች ሲቆፈሩ እነዚህ ሰዎች ኢትዮጵያ ድረስ መጥተው ረድተዋል። ቤተሰብ ተጠርቶ ልጃችሁ ምን ለብሶ ነበር፣ ጥርሱ እንዴት ነበር፣ አጥንቱ ተሰብሮ ያውቃል ወይ ተባለ። እናቶቹም መለሱ። የሹራቡን ቀለም ሳይቀር። ይኸው ነው እንግዲህ እንዳያለቅሱ የተከለከሉት ሴቶች የያዙት መረጃ። ፍርድ ቤት ቀረበ፣ ማስረጃ ሆነ። ችሎቱ በ1987 ተጀምሮ በ1999 ነው መንግሥቱ በሌለበት ጥፋተኛ የተባለው። አሥራ ሁለት ዓመት። ሰውየው አሁንም ሀራሬ ነው፣ እሱን ተዉት።

የአክስቴ ጎረቤት ልጅ አጥንቱ አልተገኘም። ደርግ ከወደቀ በኋላ ግን እናቱ እድሩን ጠርታ «የልጄን ድንኳን አላወጣችሁም፣ ወርሐዊ መዋጮዬን ግን አንድም ቀን አላጓደልኩም» አለቻቸው። ተተከለ። ፎቶው ተቀመጠ። ጥሩምባው ተነፋ። በርበሬ ላይ የነበሩት ሴቶች በሙሉ መጡ፣ በዚህ ጊዜ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው። ያ አብዮት ጠባቂም ከአገር ካልሄደ ሳይመጣ አልቀረም ብዬ ጠይቄያት ነበር። መጥቷል። ቆሎ አዞረ አለችኝ።

መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም የተሠራው በእነዚህ ቤተሰቦች ጥረት ነው፣ በ2002 ተከፈተ። መንግሥቱ ጠርሙስ ከሰበረበት ቦታ ጥቂት እርምጃ ነው የሚርቀው። ውስጡ ፎቶ አለ፣ ልብስ አለ፣ የራስ ቅል አለ። በር ላይ ሦስት የሚያዝኑ ሴቶች ሐውልት ቆሟል። ያልሄዳችሁ ሂዱ። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ግን ቀድማችሁ አስቡበት።

ደርግ ካለፈ በኋላስ? ይህንን ጥያቄ የሚሸሽ ሰው ብዙ ነው። ጥቅምት 26 ቀን 1993 የንጉሡ አስከሬን በክብር ታጅቦ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። ሩብ ምዕተ ዓመት የዘገየ ቀብር፣ ግን ተደረገ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ የስድስት ኪሎ ተማሪዎች እንደገና ተነሡ። ጥያቄያቸውን አሁን ብታነቡት ትደነግጣላችሁ፣ በጣም ትንሽ ነው። የታጠቀ ፖሊስ ከግቢያችን ይውጣ፣ የራሳችን ማኅበርና ጋዜጣ ይኑረን። ይኸው ነው። መሬት ላራሹ አላሉም፣ መንግሥት ይውረድ አላሉም። መልሱ ዱላ ሆነ። ሚያዝያ 9 እና 10 ነገሩ ወደ ከተማው ወጣ፣ ተማሪ ያልሆኑ የሰፈር ልጆችም ገቡበት፣ ከ30 በላይ ሰው ሞተ፣ ሺዎች ታሰሩ፣ ኬንያ ድረስ የተሰደዱም ነበሩ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምና ዶክተር ብርሃኑ ነጋ አነሣሥታችኋል ተብለው ታሰሩ። ግቢ ሄደው ስለ ሰብአዊ መብት መናገራቸው ነው ነገሩ።

ኅዳር 2008 ጊንጪ ላይም ልጆቹ የተነሡት ለኳስ ሜዳና ለደን ነው። ተማሪዎች ናቸው፣ አንዳንዶቹ ገና ሕፃናት። ከዚያ የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ጉዳይ ተጨመረ፣ ከዚያ ኦሮሚያ በሙሉ፣ ከዚያ አማራ ክልል። ቀብሩ ሰልፍ ይሆናል፣ ሰልፉ ላይ ሰው ይሞታል፣ እሱን ለመቅበር እንደገና ሰው ይወጣል። ያን ሰሞን ይቺን ዙር ያላየ የለም። ሯጩ ፈይሳ ሌሊሳ በነሐሴ ሪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን ላይ ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ እንደ ተቃዋሚዎቹ እጁን አጣመረ። በመስከረም 2009 ከኢሬቻው እልቂት በኋላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀና ያ ምልክት ተከለከለ። እጅ ማጣመር! በሚያዝያ የሰብአዊ መብት ኮሚሽኑ ለፓርላማ ያቀረበው ቁጥር 669 ሟች ነበር። ቁጥሩ ትክክል ነው አይደለም የሚለው ክርክር ይቆየን። 669 ድንኳን ማለት ነው፣ ያውም ከተተከለላቸው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን አልዘረዝርም፣ ቁስሉ ገና ትኩስ ነው፣ አንባቢዬም ከሁሉም ወገን ነው። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ጥቅምት 2016 ትግራይ ውስጥ የሦስት ቀን ሐዘን ታውጆ በየቤቱ መርዶ ሲነገር፣ ጦርነቱ ካበቃ አንድ ዓመት ሊሞላው ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ እናት በር በሩን እያየች ነበር። ለቅሶ ማዘግየትም አንድ ዓይነት ክልከላ ነው።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው። አዲስ አበባ አሁን ከዳር እስከ ዳር እየተቆፈረች ነው። ሰፈር ይፈርሳል፣ መሠረት ይወጣል፣ መንገድ ይሰፋል። የድሮ ቀበሌ ጽሕፈት ቤቶች፣ ከቀበሌ በላይ የነበረው የድሮው «ከፍተኛ» እስር ቤቶች፣ ጓሯቸው ሁሉ። ከቀይ ሽብር መቃብሮች የተገኙ አሉ፣ ያልተገኙም አሉ። ያልተገኙትን የት እንዳሉ የሚያውቁ ሰዎች ዛሬም በመካከላችን ይኖራሉ፤ መኪና የነዱ፣ ጉድጓድ የቆፈሩ፣ በር የጠበቁ። አሁን ሰባ፣ ሰባ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። አባታችሁ ወይም አጎታችሁ ከነሱ አንዱ ሊሆን ይችላል። ስሙን እንዲናገር አልጠይቅም፣ ይቅርታ እንዲልም አልጠይቅም። ቦታውን ብቻ። በደብዳቤም ይሁን፣ ለንስሐ አባቱም ይሁን፣ ለሙዚየሙ ስም ሳይጠቅስ ስልክ ደውሎም ይሁን። «እዚህ ጋ ነው» ብሎ ይዝጋው። ግሬደሩ ሳይቀድመው።